ትርጉሙ ከፊርማው ይቅደም

ለሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በወንጀል የተከሰሱ አማርኛ ተናጋሪዎች መብታቸውን በጊዜ እንዲያውቁ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምኖር፣ «እንግሊዝኛ ይችላል» እየተባልኩ የሰው ወረቀት ሳነብ የምውል ሰው ነኝ። ችሎት ላይ አስተርጓሚ በነፃ እንደምትመድቡ አውቃለሁ። ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄዬ ግን ከችሎቱ በፊት ስላሉት ሰዓቶች ነው። ብዙ ጣጣ የሚጀምረው እዚያ ነው።

የተያዘ ሰው ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ኮሚሽነር ፊት ይቀርባል። ኮሚሽነሩ ዳኛ አይደለም፤ ግን ሰውየው ይለቀቅ ወይስ ይቆይ የሚለውን መጀመሪያ የሚወስነው እሱ ነው። በ2013 (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቅም የሌለው ተከሳሽ እዚያም ጭምር ጠበቃ የማግኘት መብት አለው ብሏል። ጥሩ ውሳኔ ነው። ግን ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ፣ ሥራ የሚቀርበት፣ ልጆቹ ቤት የሚጠብቁት ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ብቻ ከዚህ ልውጣ። «ጠበቃ አልፈልግም» የሚል ወረቀት ቢሰጡትም ይፈርማል። ምን እንደፈረመ የሚጠይቀኝ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ሌላው የክሱ ስም ነው። ሁለተኛ ደረጃ አሳልት (ሰውን መምታት ወይም መግፋት የመሰለ ጥቃት) እዚህ ስቴት ውስጥ በአብዛኛው ሚስዲሚነር፣ ማለትም ከከባድ ወንጀል ዝቅ ብሎ የሚመደብ ወንጀል ነው። ሰዉ ሚስዲሚነር ሲባል «ቀላል ነው፣ ቅጣት ከፍሎ መገላገል ነው» ይላል። ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ ግን እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ነው። አንድ ግፊያም ሊያስከስስ ይችላል። ደግሞ በየስቴቱ ሕጉ ይለያያል። ፖቶማክን ተሻግረው ቨርጂኒያ ከገቡ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ራሱ ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር ሊያሳስር ይችላል። ሲነዱ የሚውሉ ወገኖቻችን ይህን ከጓደኛ ነው የሚሰሙት፤ ጓደኛ ደግሞ የራሱን ክስ ነው የሚያወራው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሽምግልናው ጉዳይ ነው። ባልና ሚስት ይጣላሉ፤ ፖሊስ ይጠራል፤ ባልየው ይከሰሳል። ኮሚሽነሩ ወይም ዳኛው «ከሚስትህ ጋር እንዳትገናኝ» የሚል ትእዛዝ አስገብቶ ይለቀዋል። በማግስቱ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። በእኛ ዘንድ ይህ ክብር ነው፤ ቤት እንዳይፈርስ ማዳን ነው። የባልየውን መልእክት ይዘው ወደ ሚስትየው ይሄዳሉ። እርቅ ይወርዳል፤ እሷም «ይቅር ብዬዋለሁ» ትላለች፤ ሁሉም ነገሩ አለቀ ብሎ ይበተናል። አላለቀም! ከሳሹ ስቴቱ ነው፤ ክሱን የሚያነሳው ዐቃቤ ሕጉ እንጂ እሷ አይደለችም። በሽማግሌ በኩል የተላከው መልእክትም ትእዛዙን እንደ መጣስ ሊቆጠርና ሰውየውን መልሶ ሊያሳስረው ይችላል። ሽማግሌዎቻችን ክፋት የላቸውም፤ የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ዝምታም እንዲሁ ነው። የሚራንዳ መብት፣ ማለትም ፖሊስ ይዞ ሲጠይቅ ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብት፣ ከ1966 ጀምሮ አለ፤ ስሙን ከፊልም ያልሰማ የለም። በ2010 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ነገር ጨመረበት፦ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ «አልናገርም» ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በዚያ ጉዳይ ላይ ተጠርጣሪው ለሦስት ሰዓት ገደማ በአብዛኛው ዝም ብሎ ቆይቶ በመጨረሻ መለሰ፤ መልሱም ማስረጃ ሆነበት። ባለ ሥልጣን ሲጠይቅ አለመመለስ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ስንት ደቂቃ የሚችል ይመስላችኋል?

ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ ጥፋትን ማመን ደግሞ አለ። በስቴቶች የጥፋተኝነት ውሳኔ ከሚያገኙት ጉዳዮች 94 ከመቶው ያለ ሙግት፣ ጥፋትን በማመን የሚያልቁ መሆናቸውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ጽፏል። ስለዚህ የአብዛኛው ሰው ዕጣ የሚወሰነው በኮሪደር ወሬ ነው። እስራት ተፈርዶበት ቅጣቱ በገደብ ስለተያዘለት አንድ ቀን እንኳ ያልታሰረ ሰው አለ፤ በኢሚግሬሽን ሕግ ግን ያ የተገደበው ጊዜ ይቆጠርበታል። ግሪን ካርዱን ሊያጣ ይችላል። ጠበቃው ይህን አደጋ እንዲነግረው ከ2010 ጀምሮ ግዴታ አለበት፤ ግን ጠበቃውና ተከሳሹ በየትኛው ቋንቋ ይነጋገሩ? የአጎት ልጅ ነው የሚያስተረጉመው። እሱም ግማሹን ያልፈዋል፤ ይሉኝታ ይይዘዋል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ኮሚሽነሩ ጋ የሚሰጠው የመብት ማስታወቂያ በአማርኛ ይቅረብ። ማንበብ ለሚከብዳቸው በድምፅ ተቀድቶ፣ በሌሊትም ቢሆን ከፊርማው በፊት ይሰማ። ያለመገናኘት ትእዛዙ «በሽማግሌ፣ በዘመድ ወይም በስልክ መልእክትም ጭምር» የሚል መስመር በአማርኛ ይኑረው። ዲስትሪክት ኮርት በሚባለው የስቴቱ የታችኛው ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚችልም ቀኑ ተጽፎ እጁ ላይ ይሰጠው። ከኢስተርን አቬኑ ማዶ ዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አላት፤ የመሥሪያ ቤቶቿን ዋና ዋና ሰነዶች ወደ አማርኛ ታስተረጉማለች። ሜሪላንድ ከዚህ አታንስም።

ጽሑፉን በቀላል አማርኛ የሚያዘጋጁና የሚያርሙ ፈቃደኛ ሰዎች በማኅበረሰባችን ውስጥ አሉ። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅዳሜና እሑድ እንዲነበብ ማድረግም እንችላለን። ረቂቁን ለማን እንላክ?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞንጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ