«ውሻውን ወስደህ አሰልጥነህ አምጣልኝ» አያዋጣም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በእንስሳት ሕክምና ሙያ የምተዳደር የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። ሰሞኑን በየስልክ እንጨቱና በየቴሌግራሙ «ውሻ እናሰለጥናለን» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። መብዛቱ ክፋት የለውም። እንዲያውም ሰው ውሻው ሲያስቸግረው መርዝ ከመፈለግ ባለሙያ መፈለግ መጀመሩ ደስ ይላል። ቅር የሚለኝ ማስታወቂያው የሚገባው ቃል ነው። ውሻውን እንወስዳለን፣ ከሳምንታት በኋላ ጨዋ አድርገን እንመልሳለን ይላል። ልክ ኮት ላውንደሪ እንደማስገባት።

የውሻ ጠባይ እንዲህ አይስተካከልም። ውሻው የሚያስቸግረው በእናንተው ግቢ፣ ከእናንተው ሰዎች ጋር ነው። ሌላ ቦታ ተወስዶ ቢታዘዝ የሚታዘዘው ያንን ቦታና ያንን ሰውዬ ነው። ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ያው ሰንሰለት፣ ያው በር፣ ያው ድንጋይ የሚወረውር የጎረቤት ልጅ ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ከውሻው ይልቅ ባለቤቱን፣ ልጆቹን፣ ሠራተኛዋንና ዘበኛውን ነው የሚያሰለጥነው።

ግን ከአሰልጣኝም በፊት ሐኪም አለ። ለሙያዬ ሳደላ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ጀርመን ሸፐርዳቸውን በፒክአፕ ጭነው ይዘው መጡ። ገና ሳይቀመጡ «ዶክተር፣ በመርፌ ገላግለኝ» አሉኝ። ውሻው ምግብ የምታቀርብለትን ልጅ እጇን ነክሷታል። ቤተሰቡ በሙሉ ፈርቶታል። «ድሮ እንዲህ አልነበረም እኮ» ይላሉ ደጋግመው። ድሮ ካልነበረበት፣ አሁን ምን መጣበት? አፉን አስረን ጆሮውን ገለጥ ስናደርግ ሽታው ክፍሉን ሞላው። የግራ ጆሮው መግል ይዟል። የአንገቱ ሰንሰለት በተሳበ ቁጥር እዚያው ላይ ያርፋል። ልጅቷ ደግሞ ሳህኑን ስታስቀምጥ፣ ምግቡ ላይ እንዳይወድቅ ብላ ሰንሰለቱን ወደ ጎን ሳብ ታደርግለታለች። «ጋሼ፣ ይኼ ውሻ አሞት እንጂ ባልጎ አይደለም» አልኳቸው። ያንን ውሻ አሰልጣኝ ቢወስደው ኖሮ ምን ሊያስተምረው ነበር?

ሕመም ጠባይ ይቀይራል። ሸፐርድ ላይ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የተለመደ ነው፤ ያመመውን ጎን ሲነኩበት ያጉረመርማል። ያረጀ ውሻ ዓይኑ ሲደክም የሚያውቀውን ሰው ሳይቀር ይደነግጥበታል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ደግሞ፣ በተለይ ካልተከተበ፣ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሰው ላይ ከሚታየው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 ከመቶው የሚመጣው ከውሻ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ። ውሻውን አትግደሉት፤ ዘግታችሁ 10 ቀን ይታይ። የተነከሰው ሰው ክትባት ግን ያንን 10 ቀን አይጠብቅም። ውሻው ከሞተም ጭንቅላቱን ድሮ ፓስተር ስንለው የኖርነው፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይመረምራል። ስለዚህ ጭንቅላቱን በድንጋይ መቀጥቀጥ መረጃውን ማጥፋት ነው።

ጤነኛ ሆኖ የሚናከሰውስ? ብዙውን ጊዜ ፈሪ ነው። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ልጅ፣ እንግዳ፣ ሞተር ሳይክል፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው አይቶ ካልለመደ ኋላ ሁሉም ጠላት ይመስለዋል። እኛ ደግሞ ዓይኑን በቅጡ ሳይገልጥ ከእናቱ ነጥለን ከመንገድ ዳር እንገዛዋለን። ከዚያ «ሰው እንዳይለምድ» ተብሎ ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል። አስበንበት ፈሪ እናሳድግና ሲናከስ «ከፋ» እንላለን።

ወደ አሰልጣኞቹ ልመለስ። ጎበዞች አሉ፤ አውቃለሁ። ብዙዎቹ ግን ሥራቸው ዱላ ነው። «ጌታው አንተ መሆንህን አሳየው» ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ሥር የያዘው በ1940ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) አጥር ውስጥ በታጎሩ ተኩላዎች ላይ ከተደረገ ጥናት ነው። አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜች ሐሳቡን ካስፋፉት አንዱ ነበር፤ በ1999 ራሱ ተመልሶ አርሞታል። የዱር ተኩላ መንጋ እናትና አባት ከነልጆቻቸው እንጂ በጉልበት የሚገዛ አለቃ ያለው ሠራዊት አይደለም አለ። እኛ ጋ ግን ዱላው አሁንም ሥራ ላይ ነው።

የዱላው ትልቁ ጣጣ ማጉረምረምን ማጥፋቱ ነው። ውሻ ከመንከሱ በፊት ይናገራል። ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ ያጉረመርማል። ባጉረመረመ ቁጥር የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን አይለቀውም። ከዚያ «ምንም ሳይል ነከሰኝ» ይባላል። ከእነዚህ «ማሠልጠኛዎች» ተመልሶ እኔ ጋ የመጣ አንድ ውሻ የቴርሞሜትሩን ማስቀመጫ ሳነሳ መሬት ላይ ልጥፍ ብሎ ሽንቱን ለቀቀ። ባለቤቱ ኩራት ቢጤ እየተሰማው «አየህ፣ ታዛዥ ሆኗል» አለኝ።

ትክክለኛው ሥራ ለዓይን አይሞላም፤ አሰልቺም ነው። በር ሲንኳኳ የሚያብድ ውሻ አለ እንበል። ዘበኛው በሩን በአንድ ጣት፣ በቀስታ፣ ውሻው ሰምቶ እንኳ በማይረበሽበት መጠን ያንኳኳል። ድምፁ እንደተሰማ ቁራጭ ጉበት ይሰጠዋል። ይደገማል። ሲለምደው ትንሽ ጠንከር ተደርጎ ይንኳኳል። ውሻው ከተረበሸ ቸኩላችኋል፤ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። ቀስ በቀስ የበሩ ድምፅ የጠላት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የጉበት ምልክት ይሆናል። («በጾም ጉበት ከየት እናምጣ» ያሉኝ አሉ። የሚወድ ውሻ ከሆነ ደረቅ ዳቦም ይሠራል።) ይህ ሁሉ የሚሆነው እናንተ ቤት ነው፤ የሚሠሩትም የቤቱ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ አሰልጣኝ ስትቀጥሩ ስትሠራ ቆሜ ልይ በሉት። እምቢ ካለ ተሰናበቱት። ውሻው ሲያጠፋ ምን ታደርጋለህ፣ ሲያሳካስ ምን ትሰጠዋለህ ብላችሁ ጠይቁ። የክትባት ካርዱን የማይጠይቃችሁ፣ ሐኪም አይቶታል ወይ የማይላችሁ ሰው ለራሱም ለእናንተም አይጠነቀቅም። መቶ በመቶ ዋስትና የሚሰጣችሁ ደግሞ ይዋሻል። «ማረጋጊያ ኪኒን እዘዝልኝ» የምትሉም አላችሁ። ለአንዳንድ ውሾች መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ከሥልጠናው ጋር እንጂ በሥልጠናው ፋንታ አይደለም። ሰው የሚወስደውን ኪኒን በግምት አትስጡ።

ነገሩ የውሻ ወዳጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦት እንኳ ቢሆን። የማዳበሪያ ጆንያ ለብሶ ውሻችሁን እያበሳጨ መናከስ ያስተማረው አሰልጣኝ ያን ቀን አብሯችሁ ፍርድ ቤት አይቆምም።

በአሜሪካ ከ1993 ጀምሮ በእንስሳት ጠባይ ስፔሻላይዝ ያደረጉ ሐኪሞች «ኮሌጅ» የሚሉት የራሳቸው የሙያ ማኅበር አላቸው። እኛ ያን ያህል አልጠየቅንም። የኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርና የቢሾፍቱው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በውሻ ጠባይ ላይ አጭር ሥልጠና ለሐኪሞችም ለአሰልጣኞችም ቢያዘጋጁ፣ የወሰዱትንም ስም ቢያወጡልን ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሲጠይቀኝ የምልክበት ቦታ ይኖረኛል።

እስከዚያው ወደ ሐኪም ስትመጡ የውሻውን ጠባይ በስልካችሁ ቀርፃችሁ ኑ። ክሊኒክ ሲገባ ጭምት ይሆናል፤ በወሬ ብቻ ልናውቀው አንችልም። ለመቅረፅ ብላችሁ ግን አታናዱት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም
ከአዲስ አበባ