ኒዋርክ የምትባል ከተማም አለች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሰሞን ስለ እንግሊዝ ነገሥታት ያወጣችሁትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ደስ ይላል። ግን ከለንደንና ከዊንዘር አልወጣም፤ የነገሥታቱ ታሪክ ሁሉ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያለቀ ያስመስላል። እኔ የምኖረው ኖቲንግሃም ነው። ከዚህ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ርቃ፣ በትሬንት ወንዝ ዳር፣ ኒዋርክ የምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ አለች። ብዙዎቻችን ስሟን የምናውቀው በአሜሪካው ኤርፖርት ነው። እኔ የምላችሁ የእንግሊዟን ነው። ስለ እሷ አንድ ገጽ ብትሰጡ ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የፈረሰው ግንብ ነው። በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳና የበሩ ግንብ ቁመታቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ሣር ነው። ንጉሥ ጆን የሞተው እዚህ ነው። በ1215 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) መኳንንቱ አስገድደው የንጉሥን ሥልጣን በሚገድበው ውል፣ በማግና ካርታ፣ ላይ ማኅተሙን ያስመቱት ንጉሥ ማለት ነው። ብዙ ሳይቆይ ቃሉን አጠፈና ጦርነት ተነሳ። በሚቀጥለው ዓመት ጓዙን የባሕር ውኃ በላበት፣ ራሱም በተቅማጥ ታሞ እንደምንም ኒዋርክ ደረሰና በኦክቶበር ወር እዚያው አረፈ።

ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። ኒዋርክ ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊን አልከዳም አለች። የፓርላማው ጦር ከ1643 እስከ 1646 ሦስት ጊዜ ከበባት። ከሁሉም የከፋው የመጨረሻው ነው። ስኮትላንዶችም ተጨምረው ከተማዋን ዙሪያዋን ዘጓት፤ ምግብ ሊያልቅ ደረሰ፣ በሽታ ገባ። የወታደር ደሞዝ ስለጠፋ ከየቤቱ የብር ሳህኑና ዋንጫው ወጥቶ እየተቆራረጠ ገንዘብ ተሠራበት። አሁን በከተማዋ የእርስ በርስ ጦርነቱ ብሔራዊ ማዕከል የሚባል ሙዚየም አለ። እነዚያን ሳንቲሞች ያየሁ ቀን ከመስታወቱ ፊት መነሳት አቃተኝ። ክብ አይደሉም፤ በመቀስ እንደተቆረጠ ወረቀት አራት ጠርዝ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ የድሮው ዕቃ ምልክት ሳይጠፋ ቀርቷል። የሰው የምሳ ሳህን ነበር እኮ! ከዚህ ሁሉ በኋላ ንጉሡ ራሱ በሜይ 1646 እዚያው አጠገብ ሳውዝዌል ላይ ለስኮትላንዶቹ እጁን ሰጠና ኒዋርክም እጇን እንድትሰጥ አዘዘ። ሰዎቹ አልተሸነፉም ነበር፤ ታዘዙ እንጂ።

ልጁ ቻርልስ ዳግማዊ በ1673 ለከተማዋ ሁለት የፓርላማ ወንበር ሰጣት። አንድ የእንግሊዝ ንጉሥ በራሱ ቻርተር ለአንድ ከተማ ወንበር ሲሰጥ ያ የመጨረሻው ነው። እንግዲህ እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ድምፅ የሚሰጠው ያኔ በግልጽ ነበር። መራጩ ሰው ሁሉ እያየው ይቆምና የሚመርጠውን ሰው ስም ይናገራል፤ ጸሐፊው መዝገብ ላይ ያሰፍራል። መዝገቡ ታትሞ የሚሸጥበት ጊዜም ነበር። በኒዋርክ ደግሞ የብዙ ሰው ቤት ባለቤት የኒውካስል ዱክ ነው። በ1829 ምርጫ አንዳንድ ተከራዮቹ የእሱን ሰው ትተው ሌላውን መረጡ። ዱኩ ከቤታቸው አስወጣቸው። ለምን ሲባል በገዛ ንብረቴ የፈለግሁትን ላደርግ አልችልም ወይ ብሎ መለሰ። ይህ መልሱ በመላው አገሪቱ ተሰራጨና ሕዝቡን አስቆጣ። በ1831 ዱኩ የሚቃወመው የምርጫ ማሻሻያ ሕግ በመኳንንቱ ምክር ቤት ሲወድቅ፣ እዚህ ኖቲንግሃም ኮረብታው ላይ ያለውን የዱኩን ቤተ መንግሥት ሕዝቡ አቃጠለው። በየቀኑ በሥሩ ነው የማልፈው።

በሚቀጥለው ዓመት ማሻሻያው ከጸደቀ በኋላ ያው ዱክ የ22 ዓመት ወጣት ይዞ ኒዋርክ ላይ አወዳደረ። ወጣቱ አሸነፈ። ዊልያም ግላድስተን ይባላል። ቅዱስ አድርጌ ላቀርበው አይደለም፤ አባቱ በደሜራራ (በዛሬዋ ጋያና) የስኳር እርሻና ብዙ ባሮች የነበሩት ሰው ነው፣ ልጁም ፓርላማ ገብቶ የባሪያ ባለቤቶቹን ጥቅም ተከላክሏል። ግን ሰውዬው በዕድሜው ብዙ ተለወጠ። በ1872 ምርጫ በምስጢር እንዲሆን የሚያዝዘው ሕግ የወጣው በእሱ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ነው፣ እሱ ራሱ ለረጅም ጊዜ ሐሳቡን ያልወደደው ቢሆንም። ከዚያ ወዲህ የኒዋርክ ተከራይ ማንን እንደመረጠ አከራዩ ሊያውቅ አይችልም። እኛ ዛሬ ተጋርደን ወረቀት ላይ ምልክት ስናደርግ እንደ ቀላል ነገር ነው የምናየው፤ እነዚያ ሰዎች ግን ቤታቸውን ከፍለውበታል።

እኛን በቀጥታ የሚመለከተን ነገር ደግሞ አለ። እንግሊዞች መቅደላን ዘርፈው ከተመለሱ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1871፣ ከዚያ የመጣው የወርቅ ዘውድና ጽዋ ጉዳይ ፓርላማ ቀረበ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ነበር። ተነስቶ ዕቃዎቹ ከአቢሲኒያ በመምጣታቸው በጣም እንደሚያዝን፣ ለምን እንደመጡም ሊገባው እንዳልቻለ ተናገረ። መመለስ እስኪቻል ድረስ በአደራ ይቀመጡ የሚለውም ሐሳብ ያኔ ተነስቷል። በዱክ ድጋፍ ፓርላማ የገባው የኒዋርኩ ወጣት ነው ይህን ያለው።

ስለ መቅደላ ቅርሶች በየጊዜው ትጽፋላችሁ፣ እኔም እየቆረጥኩ አስቀምጣለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ያንን የ1871 የፓርላማ ቃለ ጉባኤ አስተርጉማችሁ ሙሉውን አትሙልን። ዘውዱና ጽዋው ዛሬም ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

አንባቢያችሁ፣
ከኖቲንግሃም፣ እንግሊዝ