ከጎንደር፣ ስለ ተፈለጠው ድንጋይ

ይድረስ ለምናፍቅሽ እኅት ዓለም፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልኩ ሲዘጋ፣ መንገዱ ሲቆረጥ፣ ኑሮው ሲያዋክበን ዝም እንደተባባልን ስንት ክረምት አለፈ! እማማን በጥምቀት ሰሞን አግኝቻቸው ዳኝነቱን ትተሽ ማስተማር መጀመርሽን ነገሩኝ። ደስ አለኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። እንቅልፍ የነሳኝ መዝገብ ይዣለሁ፤ እንዲህ ዘርዝሬ የማዋየው ሰው ከአንቺ ሌላ የለኝም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ጥብቅ ደን ታስታውሽዋለሽ፤ ተማሪ ሳለን ከማራኪ ግቢ ተነሥተን በእግራችን የምንሄድበትን፣ ጥዱና ወይራው ተጋጥሞ ፀሐይ የማያስገባውን። እዚያ ውስጥ፣ ገደሉ ሥር፣ የድንጋይ ካባ ተከፈተ። የሚሠሩት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ፈቃዱን አንድ መሥሪያ ቤት ሰጣቸው፤ ደኑን የሚጠብቀው ሌላው መሥሪያ ቤት ነገሩን የሰማው ድንጋዩ ከተከመረ በኋላ ነው። ሥራው ቆመ። ክምሩ ግን እዚያው አለ፤ ሙግቱም አሁን በእሱ ላይ ነው። ወጣቶቹ «መፍለጡን ትተናል፤ የፈለጥነውን ብቻ እናንሣ» ይላሉ። እኔ የቆምኩት ከደኑ ግርጌ ካለው ምንጭ ለሚቀዱት ገበሬዎች ነው።

መጀመሪያ ሲሰሙት የወጣቶቹ ነገር ልብ ይበላል። የተፈለጠ ድንጋይ ተመልሶ ዐለት አይሆንም። እጃቸውን አይቼዋለሁ፤ መዶሻና ድጅኖ የላጠው መዳፍ ነው። የተበደሩት ገንዘብ ወለድ ይቆጥርባቸዋል። ጠበቃቸውም በርትቶ ተከራከረ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1133 አንሥቶ፣ ዛፍና ሰብል እንኳ የመሬቱ ክፍል የሚባሉት ከመሬቱ እስኪለዩ ድረስ ነው፤ ድንጋዩም ከተፈለጠ ወዲህ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሆኗልና የደን ሕግ አይመለከተውም አለ። ዳኛው ቀና ሳይሉ ሲጽፉ ሳይ ደነገጥኩ፤ ክርክሩ ቀላል አይደለምና።

እኔ ግን ይህን በፍጹም አልቀበልም። ድንጋይ ብቻውን ከደን አይወጣም። ሲኖትራክ መግባት አለበት፤ ለሲኖትራኩ መንገድ ይጠረጋል፤ መንገዱ የሚያልፈው ገና ጉልበት ባላወጣው የጥድ ችግኝ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ጎማው የቆፈረው ቦይ ጎርፉን ይዞ ወደ ምንጩ ይወርዳል። የአንገረብ ግድብ በደለል ምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው አይነገርም። ደግሞም ማታ የሚፈለጠው ድንጋይ ከጠዋቱ ክምር ጋር ቢቀላቀል ማን ለይቶ ያውቀዋል? የተፈለጠውን ማንሣት ከተፈቀደ እኮ ክምሩ መቼም አያልቅም። የእግድ ትእዛዙም ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ባለቤትነቱም ቢሆን ጠበቃው እንዳለው አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል፤ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ማዕድን የሚመረተው በፈቃድ እንደሆነ ይናገራል። ሊሰጥ በማይገባው ቦታ ላይ የተሰጠ ፈቃድ፣ ድንጋዩን የፈለጠውን ሰው የድንጋዩ ጌታ ሊያደርገው አይችልም ብዬ ነው የተከራከርኩት።

ሕንዶች በዚህ ነገር ብዙ ተሟግተውበታል፤ ፍርዶቻቸውን ሌሊት ሌሊት እያነበብኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት የደን ጥበቃ ሕግ፣ የክልል መንግሥት ያለ ማዕከላዊው መንግሥት ቅድመ ፈቃድ የደን መሬትን ለሌላ ሥራ እንዳያውል ከለከሉ። በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በባንሺ ራም ሞዲ መዝገብ፣ ቀድሞ በተቆፈረው ቦታ ላይ ለሚወጣ ማዕድን ፈቃድ አያሻም ብሎ ነበር። የእኛዎቹ ወጣቶች ክርክር ቁርጥ እሱን ነው። በታኅሣሥ 1986 ግን የጉጃራቱ አምቢካ የድንጋይ ካባ ቀረበ። የኪራይ ዘመኑ አልቆ ይታደስልኝ ሲል፣ መሬቱ ቀድሞ ተቆፍሯል ማለቱ አላዳነውም፤ ሕጉ የወጣው የደን ጥፋትን ለመግታት ነውና እድሳቱም ቅድመ ፈቃድ ይሻል ተባለ። ካባው የሚያወጣው ድንጋይ፣ ብታዪ፣ ያው የፋሲል ግንብ የተሠራበት ዓይነት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የእነሱም የእኛም ደጋ ጥንት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተነጠፈ ነው። ከዚያ በ1996 በጎዳቫርማን መዝገብ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ በደን ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚካሄድ ሥራ፣ ማዕድን ማውጣቱም ጭምር፣ ባለበት እንዲቆም አዘዙ። የውጭ ፍርድ የእኛን ዳኛ እንደማያስገድድ አውቃለሁ። ነገሩን ለማስረዳት ግን ጠቅሞኛል።

ገበሬዎቹ ምን አገባቸው የሚል መቃወሚያም ቀርቦብን ነበር። ለዚህ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደረሰልን። አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት እንዲል ይፈቅዳል፤ የአካባቢ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሄድን። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 እግድ አገኘን፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ አንድም ድንጋይ አይነሣም።

አሁን የሚያብሰለስለኝ ግን ማሸነፉ አይደለም። ብናሸንፍ እነዚያ ልጆች ዕዳቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ፈቃዱን በጥብቅ ደን ላይ የሰጠው መሥሪያ ቤት ደግሞ ችሎት ላይ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይቀመጣል። ይህ ያናድደኛል። ያጠፋው እሱ ነው፤ ካሣውንም መክፈል ያለበት እሱ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ለሚያደርሰው ጥፋት መንግሥትን የሚያስጠይቀውን የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2126 እያሰብኩ ነው።

ሌላም ሐሳብ አለኝ። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ገበሬው ከማሳው ድንጋይ ለቅሞ ደኑን ዙሪያውን በካብ አጥሮታል። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ከብትም ወደ ደኑ ገብቶ ችግኙን መጋጥ ተወ። የእኛም ክምር ከደኑ ሳይወጣ የደኑ አጥር ቢሆንስ? ያለ ሲኖትራክ፣ በሰውና በአህያ። ካቡን የሚክቡት እነዚያው ወጣቶች ይሁኑ፤ የቀን አበላቸውን ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ይክፈል፤ ዕዳቸውም ከካሣው ይወራረድ። የገበሬዎቹን ሽማግሌዎች አነጋግሬያቸው ከልባቸው ወደዱት። ከወጣቶቹም ሁለቱ በግል መጥተው ጠየቁኝ።

እንግዲህ የአንቺን እጅ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 እና ተከታዮቹ በፍርድ ቤት የሚጸድቅ የእርቅ ስምምነት ላርቅቅ ነው። መሥሪያ ቤቱ ፈርሞ ገንዘቡን ባይከፍል አፈጻጸሙ ላይ እንዳንቸገር ምን ብዬ ልጻፈው? በችሎት ሳለሽ መንግሥት የተዋዋለበት እርቅ ሲፈጸምም ሲከሽፍም አይተሻል። ረቂቁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ በቀይ እየሰረዝሽ መልሽልኝ። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነውና ከሆሳዕና በፊት ቢደርሰኝ ይበቃኛል።

እማማን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም።

የማትረሳሽ እኅትሽ፣
ከጎንደር