ህሊናዬ አይፈቅድም ስለሚሉት ልጆች

ይድረስ ለአባዬ፣ ሐይቅ

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ባለፈው በስልክ «ወታደር አልሆንም ብሎ ለመንግሥት ማመልከቻ የሚጽፍ ጎረምሳ ምን ጉድ ነው? ከፈራ እንደ ሰው አይደበቅም?» ብለው ሲስቁ ኔትወርኩ ተቋረጠና ሳልመልስልዎ ቀረሁ።

በእናንተ ጊዜ ያለው መሄድ ወይም መደበቅ ነበር። የ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ይዞ 6 ወር ሥልጠና፣ 2 ዓመት አገልግሎት አለ። ኮታው ሲጎድል አፈሳ ነው። ልጁ ምን ያምናል ብሎ የጠየቀ የለም፤ እሱም ቆላ ይወርዳል ወይ ቆጥ ላይ ይወጣል እንጂ ምክንያቱን ለማን ይናገራል? እምቢታና ሽሽት በዚያው አንድ ስም ይዘው ቀሩ።

እዚህ ጀርመን የሚሸሽ ሰው ማመልከቻ አይጽፍም። በፈረንጆቹ 1949 የወጣው ሕገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 4 ማንም ከህሊናው ውጪ መሣሪያ ይዞ እንዲዋጋ አይገደድም ይላል። የውትድርና ግዳጁ በፈረንጆቹ 2011 ቆሟል። ከ2026 ጀምሮ ግን 18 የሞላው የአገሩ ዜጋ ወንድ ሁሉ መጠይቅ ይላክለታል፤ መሙላቱ ግዴታ፣ መዝመቱ እስካሁን በፈቃድ ነው። «ነገ ቢገደዱስ?» የሚለው ከ17 ዓመት ተኩል ጀምሮ ማመልከት ይችላል፦ አንቀጹን የሚጠቅስ የተፈረመ ማመልከቻ፣ የሕይወት ታሪክ፣ ከዚያ በራሱ ቃል የተጻፈ ምክንያት። የሚያስገባው ለጦሩ ምልመላ ቢሮ ነው፤ የሚወስነው ግን ኮሎኝ ያለ የሲቪል መሥሪያ ቤት ነው። ፈራጁ ወታደር አለመሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

ብዙው ልጅ የሚደናቀፈው ምክንያቱ ላይ ነው። ከኢንተርኔት የተቀዳ ጽሑፍ ያስታውቃል። «ጦርነት መጥፎ ነው» ማለትም አይበቃም፣ እሱንማ ጄኔራሉም ይላል። ማን አሳደገው፣ ምን ሰምቶ አደገ፣ ሰው ቢገድል ህሊናው ምን ይሆናል፣ ይህን በዝርዝር ይፈልጋሉ፤ ከተጠራጠሩ ደግመው ይጠይቁታል። ከሁሉ የከፋው «ይህን ጦርነት አልዋጋም፣ ያንን ግን እዋጋለሁ» ብሎ መጻፍ ነው። ሕጉ የሚቀበለው መሣሪያ ይዞ መዋጋትን ጨርሶ የሚተወውን ብቻ ነው።

የኛዎቹ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች እዚህ ቢያመለክቱ ብዙዎቹ ይወድቁ ነበር። «ድንበር ከተነካ እሄዳለሁ፣ ከወንድሜ ጋር ግን አልታኮስም» ነው የሚሉት። እኔ በዚህ ሕጉን አልወደውም፤ ለይቶ እምቢ ማለትም ህሊና ነው። በኛ ቀዬስ ደም ያለበት ሰው አስታራቂው አበጋር ፊት መሣሪያውን ሲያስቀምጥ ፈሪ ይባላል እንዴ?

የኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ህሊናው ውትድርናን የማይፈቅድለት ሰው በምትኩ ስለሚሰጠው አገልግሎት ይጠቅሳል። አሁን በሕጉ ምልመላው በፈቃድ ስለሆነ ነገሩ ወረቀት ላይ ተቀምጧል።

ፍርሃት ነው ላሉት ደግሞ፣ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እንዲህ ያለው ልጅ 36 ወር እስር ቤት አድሮ ይሠራል፤ እግረኛው ወታደር 18 ወር ነው። ጎረቤታችን ኤርትራ ሦስት የይሖዋ ምሥክሮች አንዘምትም ብለው በኛ አቆጣጠር መስከረም 1987 ታስረው፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ኅዳር 2013 ተፈቱ። 26 ዓመት! ፈሪ በሦስተኛው ወር አይፈርምም ነበር?

ጎረምሳው ማን እንደሆነ መቼም ገብቶዎታል፤ የልጅ ልጅዎ ነው። ቅዳሜ ይደውልልዎታል። ምክንያቱ ላይ ከቤተሰቡ የሰማውን ሊጽፍ ነውና ቆጥ ላይ ያደሩበትን ሌሊት እንደነበረ ይንገሩት፤ አያሳምሩለት። አማርኛው ቀስ ይላል፣ ይታገሡት።

እማዬን ሳሙልኝ። ዱዓዎ አይለየን።

ልጅዎ