ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ

ሆዴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። አየሽ፣ ስድስት ዓመት ዝም ብዬ ቆይቼም የምጀምረው እናቴ ለአጎቴ ደብዳቤ ስታጽፈኝ እንደነበረው ነው። ሌላ አጀማመር አላውቅም። ቴሌግራም ላይ "ሰላም ነሽ?" ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌ እንዳጠፋሁት ብታውቂ ትስቂብኝ ነበር። ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈውና ልገላገል።

አሁንም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ዲቪ ሲደርሰኝ ያቋረጥኩትን ነርሲንግ እዚህ ኮሙኒቲ ኮሌጅ እንደ አዲስ ጀምሬው አንድ ሴሚስተር ቀርቶኛል። አንቺ ተመርቀሽ ወልድያ ሥራ መያዝሽን ከሰው ሰማሁ። ደስ አለኝ። እንኳን ደስ አለሽ የምልበት ፊት ግን አልነበረኝም።

ለምን እንደሆነ ግማሹን ታውቂዋለሽ።

ሁለተኛ ዓመት፣ ደሴ። ሰኞ ገበያ ያለው ግሮሰሪ ውስጥ ማታ ማታ ድራፍት ስታቀርቢ አንዱ አስተማሪያችን ከጓደኞቹ ጋር ገብቶ አየሽ። (እሱ ራሱ ምን ሊያደርግ እንደገባ ማንም አልጠየቀውም።) በማግስቱ ክፍል ውስጥ አቁሞሽ "ቀን ነጭ ጋውን፣ ማታ ድራፍት" አለሽ። ከዚያ ልዕልት ፀሐይን አነሳ። የንጉሥ ልጅ ሆና ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት መማሯን፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ እስካረፈች ድረስ ሙያውን ማክበሯን ተናገረ። ያወራው እውነት ነው። እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ አንገቴን እነቀንቅ ነበር። ልዕልቲቱ የዶርም ኪራይና የታናሽ ወንድም ደብተር እንዳልነበረባት የታየኝ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው።

ቢሮ ተጠራሽ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠሽ። የዋርድ ልምምዱንም ክረምት ላይ ድገሚ ተባልሽ። የማታውቂው ግማሽ ይኸውልሽ፦ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የክፍል ተወካይ ነበርኩ፣ ጽሕፈቴም ያምራል ይባል ነበር፣ ጠሩኝ። "ለሙያው ክብር በማይመጥን ሥራ ላይ ተሰማርታ በመገኘቷ" የሚለውን እነሱ አሉ፣ እኔ በሰማያዊ ቢክ ጻፍኩት። ፊደሎቹን አሳምሬ። የእኔንም ሀንዳውት ኮፒ የምታስደርጊው በዚያው ብር መሆኑን አልተናገርኩም። ያን ማታ የመጨረሻ ሒሳብሽን ተቀብለሽ፣ ዳቦና ሙዝ በፌስታል ይዘሽ ገባሽ። እኔም በላሁ።

አሁን ደግሞ ትሪው የኔ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ፌንተን ስትሪት አካባቢ ያለ የሐበሻ ሬስቶራንት ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ክትፎው፣ ቢራው፣ ጠጁ፣ ለአንቺ አዲስ አይደለም። ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቼ ቤቴ እገባለሁ፣ በማግስቱ እስኪበቃኝ እተኛለሁ። በሳምንት ሦስት ሌሊት ደግሞ ሆም ኬር እሠራለሁ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አሜሪካዊት አሮጊት ነው የምጠብቀው፣ ከምሽቱ አራት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት። ሰዓቱን በእኛ ነው የምነግርሽ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴ አልተቀየረም።

የካቲት ላይ አንድ ዓርብ ክሊኒካል፣ የሆስፒታል ልምምዱ፣ ዘገየብኝና ልብስ ሳልቀይር ወደ ሥራ ሮጥኩ። ሰማያዊ ስክራብ፣ ደረቱ ላይ የትምህርት ቤቱ አርማ፣ ከላዩ ሽርጥ። ልደት የሚያከብሩ ልጆች ቲክቶክ ይቀርጹ ነበር። ትሪ ይዤ ትከሻዬን ነቅነቅ ሳደርግ ቪዲዮው ውስጥ ገባሁ። ሰኞ ቢሮ ተጠራሁ።

ዩኒፎርሙ ጥፋቴ ነው። ከክሊኒካል ውጭ እንደማይለበስ መመሪያው ይላል፣ ፈርሜበታለሁ። ደግሞስ በሽተኛ ክፍል የዋለ ልብስ ይዞ ምግብ ማቅረብ ነውር አይደል? አንቺ ብታዪኝ በጥፊ ነበር የምትይኝ። ወሬው ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ጋሉፕ የሚባለው ድርጅት የአሜሪካን ሕዝብ የየትኛው ሙያ ሰዎች ሐቀኛ ናቸው እያለ በየዓመቱ ይጠይቃል። ነርሶች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አንደኛ ናቸው። የተቀደሙት በ2001 ብቻ ነው፣ የኒውዮርክ መንትያ ሕንጻዎች በተመቱበት ዓመት፣ ያውም በእሳት አደጋ ሠራተኞች። ይህን ሁሉ አስረዱኝና "ይህ ስም በአንቺ ቪዲዮ ይበላሽ?" አሉኝ። መጠጥ የማይቀርብበት ሥራ ፈልጊ፣ ቢቻል ከጤና ጋር የተያያዘ። ሆም ኬሩን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። እሱን ጨምሪ ተባልኩ።

ከዚያ የምፈርመው ወረቀት መጣ። አነበብኩት። እንግሊዝኛ ሆነ እንጂ፣ ያ በሰማያዊ ቢክ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ።

እስቲ ስለሚያስመሰግነው ሥራዬ ልንገርሽ። አሮጊቷ ሌሊት አይተኙም። ባላቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል፣ እሳቸው ግን በር ሊከፍቱላቸው ይነሳሉ። እንዳይወድቁ እኔም አብሬ እነሳለሁ። ትምህርት ቤት መርፌ መውጋት ብማርም እዚያ ቤት መድኃኒት መስጠት አይፈቀድልኝም፣ ረዳት ነኝ። ሽንት ቤት እወስዳቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። አሥራ ሁለት ላይ ወጥቼ አሥራ ሁለት ከአርባ አምስት ዋርድ እደርሳለሁ።

አንድ ማክሰኞ የስኳር በሽተኛ ደረሰኝ። የታዘዘለት ኢንሱሊን 4 ዩኒት ነው። ሲሪንጁን መብራት ፊት አንስቼ አየሁት፣ ልክ ነው። ነርሷ "አንብቢልኝ" አለችኝ። "አራት" አልኩ። ዝም አለች። "እንደገና።" "አራት።" እጄን ይዛ ሲሪንጁን ወደ ዓይኔ አስጠጋችው። 40 ላይ ነበር። ዜሮዋን ዓይኔ አላያትም። 40 ዩኒት ያን ሰውዬ ምን እንደሚያደርገው ለአንቺ አልነግርሽም።

ከተነሳሁ 24 ሰዓት ሞልቶኝ ነበር። ይህን ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል ይላል የዚህ አገር የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ። ሜሪላንድ ውስጥ ሰክሮ ነዳ የሚባለው 0.08 ላይ ነው። እና ሆዴ፣ ቢራ ሳቀርብ ሰክሬ አላውቅም። የሰከርኩት ሻይ ሳፈላ ነው።

ነርሷ ሪፖርት ጻፈች፣ እኔም ጻፍኩ፣ "ተጠንቀቂ" ተባልኩ። ሌሊቱን የት እንዳደርኩ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

ማንኛውም ሥራ ያው ነው ማለቴ አይደለም። አብራኝ የምትማር ልጅ አለች፣ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ስቴቶስኮፕ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ቲክቶክ ላይ የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ ትሸጣለች። እሷ ናት ጋውኑን የሸጠችው። እሷን ግን ሁሉም "ጎበዝ ነጋዴ" ይላታል፣ ቢሮም ተጠርታ አታውቅም። ኧረ እኔ ራሴ እናቴ ትላክልኝ ብላ ስትለምነኝ አንድ ካርቶን ገዝቼ ልኬላታለሁ፣ አደራ ለሰው እንዳትናገሪ።

ሆም ኬሩን ከሦስት ሌሊት ወደ አንድ አወረድኩት፣ ያውም ቅዳሜን አሳልፌ እሑድ ማታ፣ ሰኞ ክሊኒካል ስለሌለኝ። ሬስቶራንቱን አልተውኩም። ስክራቤን ቤቴ አውልቄ እሄዳለሁ።

ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለጻፍኩት ብቻ አይደለም። ያን ክረምት ዋርድ ስትደግሚ እኔ ዕረፍት ላይ ነበርኩ፣ አንድ ቀን እንኳ ልጠይቅሽ አልመጣሁም። የዲቪው ወሬ ሲሰማም ለሁሉም ነግሬ ለአንቺ ከሰው ነው የደረሰሽ። ዓይንሽን ፈርቼ ነው። ያ ወረቀት ፋይልሽ ውስጥ ካለና አንድ ቀን ካጋጠመሽ ጽሕፈቱን ታውቂዋለሽ። ሳታዪው በፊት ከእኔ አፍ እንድትሰሚው ፈለግኩ።

ዶርም ውስጥ የሻይ ብርጭቆ በውኃ ሞልተሽ፣ ሦስቱን በአንድ እጅ መያዝ ያስተማርሽኝ ትዝ ይልሻል? አንዱን ሰብሬ የጎረቤት ልጅ ፍራሽ ያረጠብኩ ጊዜ? እዚህ ቢራ የማቀርበው እንደዚያ ነው። ባለቤቱ የት ተማርሽው አለኝ፣ ነርሲንግ ትምህርት ቤት አልኩት።

ስልክሽ ያው ከሆነ የሚመጣው ዓርብ በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ባታነሺም አልቀየምሽም። ግን አንሺ።

ያንቺው