መዳፉንም እዩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ልጆች ሳንባ ምች ያወጣችሁትን አነበብኩ። ስለ ክትባቱም፣ ስለ ጭሱም ጥሩ ብላችኋል። ስለ ደም ማነስ ግን አንድ መስመር የለም፤ እኔን ያንከራተተኝ ደግሞ እሱ ነው።

ልጄ ዓመት ከስድስት ወሩ ነበር። በአራት ወር ውስጥ ሁለቴ ሳንባ ምች ያዘው። መጀመሪያ እናቴ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሸችው (ስሙ ሳያሳስታት አልቀረም)። የምንሄድበት ክሊኒክ ሁለቴም ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኘን። ሳሉ ይለቀዋል፣ ልጁ ግን ፈዞ ይውላል፣ ሲነቃ ደግሞ የግድግዳውን ጭቃ እየፋቀ ይበላል። እንደገና ሲያስለው ሌላ ቦታ ወሰድኩት። ነርሷ ትንፋሹን ቆጠረች፣ ከዚያ መዳፉን ከራሷ መዳፍ ጋር አስጠግታ አየችው። ወረቀት ነው የሚመስለው! ደሙ ሲለካ ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) 8 ሆነ፤ በዚህ ዕድሜ 11 አካባቢና ከዚያ በላይ ነው የሚጠበቀው።

"ምን ይበላል?" ስትለኝ አፈርኩ። ወተትና ሻይ በዳቦ። የላም ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል፣ ሻዩ ደግሞ ምግብ ውስጥ ያለችውንም ብረት ሰውነት እንዳይወስዳት ይይዛታል። ጾም ሲገባ ልጁ አይጾምም፣ ድስቱ ግን ይጾማል፤ ለሱ ብቻ ማን ጉበት ይጠብሳል?

ደም ማነስ ብቻውን ሳንባ ምች አያመጣም፣ የሚያመጡት ጀርሞች ናቸው። ሕመሙ ራሱም ደም ያሳንሳል፣ ስለዚህ የቱ እንደቀደመ ሁልጊዜ አይለይም። ነገር ግን ሳንባው ኦክስጅን ማስገባት ሲያቅተው፣ የገባችውን ትንሽ የሚሸከመው ደምም ከጎደለ ልጁ በምን ይቋቋማል? የባሰው ደግሞ ምልክቱ መደበቁ ነው። ደሙ ያነሰ ልጅ ኦክስጅን ቢያጥረው እንኳ ከንፈሩ ቶሎ አይጠቁርም። ጣት ላይ የሚቆነጥጡት መለኪያም ያለው ደም ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ ነው የሚነግረው፣ ደሙ ስንት እንደሆነ አይነግርም። ቁጥሩ ጥሩ ነው ተብሎ ወደ ቤት የሚላክ ልጅ አለ።

ይሄ የኔ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች 57 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው ነው ያገኘው። መዳፍ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሕፃናት ሕክምና መመሪያውም የታመመ ልጅ ሁሉ ይታይ ይላል። ታዲያ ሁለቴ ስመላለስ ለምን አንድ ሰው እጁን አልገለጠውም? በሚቀጥለው ስትጽፉ ይህን ጠይቁልኝ።

የብረት መድኃኒቱን ሐኪሟ ያስጀመረችው ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ ነው፣ በልኩ። ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ እንዳትገዙ፣ ሲበዛ ልጅ ይመርዛል። ሰገራው ጠቁሮ ሳይ ደንግጬ ነበር፣ የብረቱ ነው አሉኝ። አሁን ጭቃውን ትቶታል። ግድግዳው ላይ የፋቀው ጉድጓድ ግን እስካሁን አልተለሰነም።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ