እማዬ፣ ኮንዶሚኒየሙን አትሽጪ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? በስልክ ስንጨቃጨቅ ስለምትዘጊብኝ ነው የጻፍኩልሽ። ፊደሉን ተለቅ አድርጌዋለሁ፤ በቀን አንብቢው።

ያ በፌስቡክ ያገኘሽው ክሊኒክ «በስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ በሚችል ሴል) ዓይንሽን እናድሳለን» ብሎሽ ኮንዶሚኒየሙን ልትሸጪ ነው አሉ። በፍጹም!

ያንቺ ሕመም ሬቲናይትስ ፒግመንቶሳ ነው። በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለችው ሬቲና ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሏት። ሮዶቹ ለጨለማ፣ ኮኖቹ ለቀለምና ለፊደል ናቸው። ቀድመው የሚሞቱት ሮዶቹ ናቸው። ከልጅነትሽ ጀምሮ ሲመሽ ግድግዳ እየዳበስሽ የምትሄጂው ለዚህ ነው። አያቴ «ዳፍንት ነው» ብላ ጉበት ትሰጥሽ ነበር አይደል? ጉበቱ ቫይታሚን ኤ ላነሰው ሰው ይበጃል። ያንቺ ግን በዘር የመጣ ነው። አሁን ቡና ስትቀጂ ከጎን ያለውን ሲኒ የምትደፊው ዳር ዳሩ ስለጠፋ ነው። መሃሉን የያዙት ኮኖች ግን ገና አሉ። መርፌ ላይ ክር ታስገቢ የለ እንዴ!

እኔን የሚያስፈራኝ እነዚህን ኮኖች ማጣትሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት አሮጊቶች፣ የነሱ እንኳ ሌላ የሬቲና በሽታ ነው፣ እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው ከራሳቸው ስብ የወጣ «ስቴም ሴል» በሁለቱም ዓይናቸው በአንድ ቀን ተወጉ። እያዩ ገብተው ዓይናቸው ጠፋ። አንዷ ብርሃን እንኳ ማየት አቃታት። ሁለቱንም በአንድ ቀን! የትኛው ሐኪም ነው እንዲህ የሚደፍረው?

ምርምሩ ውሸት ነው አላልኩሽም። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ሉክስተርና የሚባል የጂን ሕክምና፣ ማለትም ጤነኛ ጂን (በዘር የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) ወደ ዓይን ሴል የሚያስገባ ሕክምና፣ ፈቅዳለች። ግን አርፒኢ65 የተባለው ጂን ለተበላሸባቸው፣ ያውም ሕያው ሴል ለቀራቸው ብቻ ነው። ዋጋው ሲወጣ ለሁለት ዓይን 850,000 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ዓይኑን ያጣ የ58 ዓመት ሰው በጂን ሕክምናና በልዩ መነጽር ጠረጴዛ ላይ ያለ ደብተር ማየት መቻሉ ተጽፏል። ፊት መለየት ግን አልቻለም። እውነተኛ ተመራማሪ እንዲህ ነው፤ ያልተቻለውንም ይናገራል። ያንቺ ክሊኒክ ምን አልተቻለም አለሽ?

ይልቅ መጀመሪያ የትኛው ጂን እንደተበላሸ እናስመርምር። ወጪውን እኔ እችላለሁ። እስከዚያ ፀሐይ ላይ ጥቁር መነጽርሽን አድርጊ፣ ማታ ደረጃ ብቻሽን አትውረጂ። ለደላላውም ዛሬውኑ ደውለሽ «ትቼዋለሁ» በይው።

ልጅሽ